ስለ አቶ ደበበ እሸቱና ስለ እኛ መድረክ «ገበሬ»

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን «ሁሉን የሚነካ ተዋናይ አንዱንም አይዝም» በሚል አሳብ የጻፈውን ካነበብሁ ወዲህ ነገሩ ሲከነክነኝ ሰንብቷል። ወንድማችን አሳምሮ ጽፏል፤ ብዕሩ ይባረክ። ነገር ግን በመድረክ የሠራ ሰው ወደ ፊልም፣ በፊልም የሠራ ሰው ወደ ራዲዮ ሲሻገር «ሙያውን በተነ» ማለቱን ልቀበለው አልቻልሁም። ከዚህ የከፋው ደግሞ የቴአትር ክበባችን መሪዎች ይህን አሳብ ወድደው እንደ መመሪያ መያዛቸው ነው። ለምን እንደ ወደዱት በኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን እንደ አገሬ ባላገር ምስክር ልቁጠር፤ ምስክሬ አቶ ደበበ እሸቱ ናቸው።

አቶ ደበበ እንደኛው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መድረክ ላይ ያደጉ ሰው ናቸው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመው የኪነ ጥበብ ማዕከል ከወጋየሁ ንጋቱና ከተስፋዬ ገሠሠ ጋር ሠርተዋል። ያን ጊዜ በአገር ውስጥ ቴአትርን በዲግሪ የሚያስተምር ክፍል አልነበረም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስለዚህ ሙያውን በትምህርት ለመያዝ እስከ ሀንጋሪ፣ እስከ ቡዳፔስት ድረስ መሄድ ግድ ሆነባቸው። በዚያ ዘመን ልጁ ቴአትር ሠሪ የሆነበት ወላጅ «አዝማሪ ወጣልኝ» ብሎ አንገቱን ይደፋ እንደ ነበረ ሁላችንም ሰምተናል። (ዛሬስ? በእኛው ግቢ የቴአትር ክበብ አባል የሆነ ልጅ ከቤት ሲደወልለት «የጥናት ክበብ ላይ ነኝ» እያለ የሚሸሽግ መኖሩን ክበቡ ራሱ ያውቃል።)

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ወንድማችን «መበተን» የሚለው ነገር የመጣው። በ1965 ዓ.ም. «ሻፍት በአፍሪካ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ለዓለም ታየ፤ በከፊልም የተነሣው በኢትዮጵያ ምድር ነው። ታሪኩ ሰዎችን ከአፍሪካ እያታለለ ለጉልበት ሥራ ወደ ፈረንሳይ የሚያሻግር ቡድንን የሚያሳድድ የኒው ዮርክ መርማሪ ታሪክ ነው። ዋናው ጀግና ሪቻርድ ራውንድትሪ ሲሆን አቶ ደበበ ዋሳ የተባለውን ሰው ሆነው ተጫውተዋል። እውነቱን ልናገርና ፊልሙ ታላቅ ፊልም አይደለም፤ አገራችንንም የሚያየው በመኪና መስኮት እንደሚያይ እንግዳ ነው። ሆኖም አንድ የመድረክ ሰው በባዕድ ቋንቋ፣ በባዕድ ዳይሬክተር፣ በማያውቀው መሣሪያ ፊት ቆሞ ሲሠራ ምን ምን መማር እንዳለበት ወንድማችን አስቦት ይሆን?

በመድረክ ላይ ድምፅ ከመጨረሻው ወንበር መድረስ አለበት፤ እጅም የሚነሣው ከትከሻ ነው። በካሜራ ፊት ያው እጅ ከትከሻው ቢነሣ ሰውየው ዝንብ የሚያባርር ይመስላል። በመድረክ ላይ ታሪኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይፈስሳል፤ ተዋናዩም አብሮ ይሞቃል። በፊልም ሥራ ግን የሞቱን ቀን ሰኞ አንሥተው የሠርጉን ቀን ዓርብ ሊያነሡ ይችላሉ፤ ኀዘኑንም ደስታውንም ተዋናዩ በየኪሱ ይዞ መዞር አለበት። ራዲዮ ደግሞ ፊትንም እጅንም ይነጥቀውና ጉሮሮውን ብቻ ይተውለታል። እነዚህ ሦስቱ የአንድ ሙያ ሦስት ፈተናዎች ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው በየጊዜው እንደ አዲስ ተማሪ ይፈተናል እንጂ አይበተንም።

የራዲዮውን ነገር ካነሣሁ ወደ አገራችን ልምጣ። በፍኖተ ሰላም አጠገብ ያለችውን ማንኩሳን ከመካከላችን የማያውቃት የለም፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ ጓደኞቻችንም ሳያዩዋት ያውቋታል። ምክንያቱም በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነውና። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ቢታተምም የእኛ አያቶች አብዛኞቹ አላነበቡትም፤ የሰሙት በኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። በአንድ ቀበሌ አንድ ራዲዮ ይገኝ እንደ ሆነ ነው፤ የባትሪው ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። ያ አንድ ሰው ያለ ልብስ፣ ያለ መብራት፣ ያለ መጋረጃ ፊታውራሪ መሸሻን ከነኩራታቸው፣ ሰብለ ወንጌልን ከነዝምታዋ፣ ጉዱ ካሣን ከነምሬቱ አንድ በአንድ እያስነሣ በየምድጃው ዳር አስቀመጣቸው። አያቴ ዛሬም ጉዱ ካሣን የምታነሣው ከወንዝ ማዶ እንደሚኖር ጎረቤት አድርጋ ነው፤ «እሱ እኮ ብሎ ነበር» ትላለች።

አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ገበሬዎቹ አዲስ ግብር አንከፍልም ብለው ፊታውራሪ መሸሻ ሊወጓቸው ወርደው በእነዚያው ገበሬዎች እጅ የሚማረኩበት ክፍል አለ። ለቀልድ እጅግ የተመቸ ቦታ ነው። ወጋየሁ ግን ለገበሬዎቹ የሰጧቸው ድምፅ የሞኝ ድምፅ አልነበረም። የሚያስቁት ፊታውራሪው ናቸው፤ ገበሬው ነገሩን የሚያውቅ፣ ቃሉን የሚመዝን ሰው ነው። ይህን ያደረጉት በመድረክ ላይ ንጉሥም ሎሌም ሆነው መጫወትን የለመዱ ሰው ስለ ነበሩ ይመስለኛል። ሎሌ ሆኖ የማያውቅ ንጉሥ ሎሌውን ሲያስመስል ሁልጊዜ ያፌዝበታል።

እንዲህ ያለ ተዋናይ ከየት ይማራል? ቡዳፔስት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የእኛም ገጠር ትምህርት ቤት ነው። ድሮ በበላ ልበልሃ ሙግት ከዛፍ ሥር ቆሞ ዘንጉን እየወዘወዘ ዳኛውን፣ ባላጋራውንና ተመልካቹን ባንድ ጊዜ የሚይዝ ሙግተኛ ምን ጐደለው? በለቅሶ ላይ ሟቹን በሦስት ቃል ፊታችን የምታቆመው አስለቃሽስ? ቅኔ ቤት የከረመ የቆሎ ተማሪ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ያንዲቱን ባለቤት ልብ በየትኛው ድምፅ እንደሚያገኘው ያውቃል፤ ለውሻውም ሌላ ድምፅ አለው። ይህን ሁሉ ቀርቦ መስማት ብቻ ይበቃል። ቀርቦ የሚሰማ ግን ጥቂት ነው።

ወደ ምስክሬ ልመለስ። አቶ ደበበ በሰባ ዓመታቸው ገደማ፣ በ2006 ዓ.ም. በወጣው «ቀይ ቅጠሎች» በተባለው የእስራኤል ፊልም ዋናውን ሰው ሆነው ተጫወቱ። ፊልሙ የትውልደ ኢትዮጵያዊው የባዚ ጌቴ ሥራ ነው። ከኢትዮጵያ ከሄደ ሃያ ስምንት ዓመት የሆነው አንድ ሽማግሌ ሚስቱ ትሞትበታለች፤ ቤቱን ይሸጥና ከልጆቹ ዘንድ በተራ ሊኖር ይነሣል። በየሄደበት ቤት ግን እርሱ የሚያውቀው ወግ የለም፤ ልጆቹ የሚናገሩት ቋንቋም የራሱ ቋንቋ አይደለም። ዳይሬክተሩ አሳቡን ያገኘው ከሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» ነው። ልብ በሉ፦ መንግሥቱን ለልጆቹ አካፍሎ ደጅ የቀረው ንጉሥ እዚህ ላይ አንድ ዝምተኛ ያገራችን ሰው ሆኗል። ሰውየው የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ፊልሙ ከሞላ ጐደል የቆመው በፊቱና በአረማመዱ ላይ ነው። በ1965 ዓ.ም. በሰው ፊልም ውስጥ የአጃቢ ክፍል የያዘው ወጣት ያን ጊዜ የተማረውን በዚህ ላይ አወጣው ብል ማጋነን አይሆንም። ሊር ሆኖ ለመጮኽ መድረክ ይበቃል፤ ሊር ሆኖ ዝም ለማለት ግን መድረኩም ካሜራውም ተደምረው አርባ ዓመት ያስፈልጋሉ።

ይህን ሽማግሌ እኛ እናውቀዋለን። ከሰከላም ከቡሬም ልጁ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ገዝቶ የወሰደው፣ በአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሞ የማን ማሳ እንደሚመለከት የጠፋበት አባት በየሰፈራችን አለ።

ስለ አቶ ደበበ ሲነሣ «ፖለቲከኛው» ብቻ የሚሉ ወገኖች አሉ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ከቅንጅት ጋር ተሰልፈው መታሰራቸውና በ1999 ዓ.ም. መፈታታቸው፣ በ2003 ዓ.ም. መጨረሻም እንደገና ታስረው ከጥቂት ወራት በኋላ መለቀቃቸው የታወቀ ነው። አቋማቸውን የሚወድድ ይውደድ፣ የሚነቅፍም ይንቀፍ፤ ዜጋ ናቸውና መብታቸው ነበር። እኔ የማልወደው አንዱን ገጽ ገልጦ መጽሐፉን መዝጋትን ነው። የእስር ቤቱ በር ከተዘጋባቸው ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ያን ሽማግሌ ሆነው በስክሪን ላይ ታዩ፤ ይህንንም የሚያስታውስ ይኑር።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። የክበባችንን ድራማ ያየ ሁሉ «ገበሬውን» ያውቀዋል። ልብሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የተቀደደ ጋቢና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የሣር ባርኔጣ። ከተማ ሲገባ በመኪና ይደነግጣል፤ በያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ «ወንድምዓለም» ይላል፤ እንደ ተነሣም ይወድቃል። ይህን አይተን ከምንስቀው መካከል እኩሌታችን የገበሬ ልጆች ነን፤ በገበሬ በቆሎና በርበሬ ተሽጦ የተማርን። ባለፈው ዓመት ከሰከላ ልጁን ሊጠይቅ የመጣ አንድ አባት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አይቶ ሲያበቃ ወደ ጎኑ ዘንበል ብሎ «ልጄ፣ ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው? ታሞ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የምጠየቀው እኔ ነበርሁ፤ የምመልሰውም አጣሁ።

ገበሬ ሆኖ የሚወጣው ልጅ ሁልጊዜ ያው አንዱ አጭሩ ልጅ ነው። ፍቅረኛውና ጀግናው ሁልጊዜ ያው ረጅሙ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ሴት ልጅ ወይ ታለቅሳለች ወይ ቡና ታፈላለች። እንግዲህ የክበቡ መሪዎች የወንድማችንን አሳብ ለምን እንደ ወደዱት ተገለጠልን መሰለኝ። «እያንዳንዱ በያዘው ይጽና» ሲባል አምስት ሰዎች አምስቱን ክፍል ይዘው እስኪመረቁ ይቀመጡበታል። ለርስት ጥበቃ የወጣ ሕግ ስለ ጥበብ ተብሎ ሲነበብ ሰው ዝም ማለት የለበትም።

የእኔ አሳብ ይህ ነው። ለመጪው ድራማ ክፍሎቹ በፈተና ይደልደሉ፤ ባለፈው ጀግና የነበረ ዘንድሮ ለጀግና አይፈተን። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ተዋናዮቹ ሁለት የገበያ ቀን ፍኖተ ሰላም፣ አንድ ቀን ቡሬ ይዋሉ፤ አንድ ቀንም በወረዳ ፍርድ ቤት ግቢ ከባለጉዳዮች ጋር ይቀመጡ። ማስታወሻ ደብተር አይያዙ፤ ዝም ብለው ይስሙ። ድራማው ሲያልቅም በአዳራሻችን ከመታየቱ አስቀድሞ በማንኩሳ በትምህርት ቤት ሜዳ በቀን ይታይ። መብራት የለም ለሚሉ፣ ወጋየሁም መብራት አልነበራቸውም። ገንዘብ የለም ለሚሉ፣ አምና ለክበቡ ቲሸርት የወጣው ሒሳብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አይተናል፤ የመኪና ኪራዩና የምሳው ከዚያ አይበልጥም። በማንኩሳ ሜዳ ላይ ባላገሩ ከሣቀ በምን እንደ ሣቀ እናያለን፤ ካልሣቀም እናያለን።

አሳቡን ለሚቀጥለው የክበቡ ስብሰባ በጽሑፍ አቀርባለሁ። ወንድማችንም መጥቶ ይሟገተኝ፤ ምስክር ካለው ይቁጠር። የገበሬውን ክፍል ማን ይያዝ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ረጅሙ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እጁን እንዲያወጣ ከወዲሁ በዚህ መጽሔት አማካይነት እጠይቀዋለሁ።