ያልተሰማ ባለመሣሪያ

የተወካዮች ምክር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ን ያጸደቀው በታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ እኛ ጥምቀትን በምናከብርበት ዕለት፣ በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ 22 ሺህ ያህል ሰዎች በግዛቲቱ ሊወጡ የታሰቡትን የመሣሪያ ቁጥጥር ሕጎች ተቃውመው ሪችመንድ ላይ ሰልፍ ወጡ። የካዛንቺስ ባለሽጉጥ ግን ማኅበር የለውም፤ ፊርማም አያሰባስብም። ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ማስመዝገብ ወይም መቅበር። መቅበርን ያስተማረው ደርግ ነው። በመጋቢት 1969 አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትፈተሽ፣ የሚፈለገው መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ባለቤቱም ነበር። እንዲህ ያለው ዝምታ ታዲያ ስምምነት አይደለም። ዝምታው ሲሰበር ከሥሩ ያለው ስጋት ይወጣል፤ በ2015 የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን በአማራ ክልል ከተሞች አደባባይ የወጣው ሕዝብ ጥያቄ «ነገ ማን ይጠብቀናል?» የሚል ነበር። እኔ ቁጥጥሩን እደግፋለሁ፤ እንደ ቂርቆስ ቤት ከቤት በተጠጋጋበት ሰፈር ተባራሪ ጥይት የማንን ግድግዳ እንደምትበሳ አይታወቅም። ሆኖም ባለመሣሪያው በግልጽ ተሟግቶ ቢሸነፍ ይሻላል። ተከራክሮ የተረታ መሣሪያውን ያስመዘግባል፤ ሳይሰማ የተፈረደበት ግን አካፋውን ያነሣል።