የቤት ገበያው ሲሞቅ የገበሬው ማሳ አይረሳ

በጅግጅጋ ከተማ ዳርቻ ማሽላና በቆሎ ይበቅልባቸው የነበሩ ማሳዎች አንድ በአንድ በቆርቆሮ አጥርና በድንጋይ ክምር እየተከበቡ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በካረን ዝናብ የሚታረሰው መሬት ዛሬ በካሬ ሜትር ይጠየቃል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ከትልልቅ ከተሞች የሚመለሰው ሰው ነው። በተለይ ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ ወዲህ በውጭ ሀገር፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይኖሩ የነበሩ የአካባቢው ተወላጆች ቤት ለመሥራትና ለመነገድ ወደ ጅግጅጋ መጥተዋል። መምጣታቸው ደስ ያሰኛል፤ ገንዘብ፣ ሙያና የሥራ ዕድል ይዘው መጥተዋልና። ሆኖም የከተማው መሃል ሲወደድ ፈላጊው ፊቱን ወደ ዳር ያዞራል፤ ዳር ላይ ደግሞ ገበሬው አለ።

ደላላው የገበሬውን በር የሚያንኳኳው ዝናብ በጠፋበትና ከብት በከሳበት ወቅት ነው። ገበሬው ከማሳው ጥቂት ቆርሶ ይሸጣል፤ በቀጣዩ ዓመት ይደግማል። ገንዘቡ ለመኖ፣ ለሰርግ ወይም ለባጃጅ ይውላል። ከማሳው ጋር እህሉ ብቻ ሳይሆን በበጋ ከብቱን የሚያቆየው አገዳም ይሄዳል። በመጨረሻ በአባቱ መሬት ላይ በተሠራ ቤት ተከራይ የሚሆን ገበሬ እንዳይበዛ ያሰጋል።

ሕጉ ግን ለገበሬው ከለላ አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ፣ አርሶ አደሩም ሆነ አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ደንግጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ተወስዶበት ምትክ ላላገኘ ባለይዞታ፣ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሣ እንዲከፈለው ያዝዛል። በደላላ ወረቀት የሸጠ ገበሬ ይህንን መብት በገዛ እጁ ያጣል። ገዥውም ቢሆን ያለ ሕጋዊ ካርታ የሠራው ቤት የከተማው ፕላን ሲመጣ ሊፈርስበት ይችላል።

ስለዚህ የወረዳና የከተማ አመራሮች ሦስት ነገሮችን ማስቀደም አለባቸው። አንደኛ፣ በከተማ ዳርቻ ያለው ይዞታ ፕላኑ ሳይደርስበት ተለክቶ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ የፕላኑ ወሰን የት እንደሚደርስ በየቀበሌው በሶማልኛ ተለጥፎ፣ የአገር ሽማግሌዎች ባሉበት ይነገር። ሦስተኛ፣ በሊዝ የሚቀርበው ቦታ በወቅቱና በበቂ መጠን ይቅረብ፤ በመሃል ከተማ ባለ ፎቅ ግንባታ ይበረታታ። ሕጋዊው በር ጠቦ ሳለ ደላላውን ብቻ መውቀስ ዋጋ የለውም።

ገበሬውም ከመፈረሙ በፊት ቤተሰቡን ያማክር፣ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። አዲስ የሚመጣው ነዋሪ ወተት፣ እንቁላልና አትክልት ገዥም ነው። ከተማው ባደገ ቁጥር ለከተማው የቀረበ ማሳ የበለጠ ያወጣል። ይህን ገበያ በማኅበር ተደራጅቶ መያዝ ለዓመታት ያበላል፤ የቦታ ሽያጭ ገንዘብ ግን አንዴ ነው። መሠረት የወጣበት ማሳ ተመልሶ አይታረስም።