በተሰዓት፣ በደጁ

በባሕር ማዶ የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፤ ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት በየዕለቱ ሰባት ጊዜ መጸለይን የሚያዝዘው የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት፣ የደብሩ ደወል መንደሩን ለሚቀሰቅስበት አገር የተስማማ ቢሆንም፣ በዋሽንግተን ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ለሚያድረው ወንድማችንና በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የራስዋ የምትለው ሰዓት ለሌላት እኅታችን እንዴት ይሆናል እያላችሁ ስትጨነቁ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ጭንቀቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ የከፋው፣ ጸሎተኛውና አገልጋዩ እንደ ሁለት ወገን ተለያይተው፣ አንዱ ሌላውን በማርታ ስም ሲነቅፈው፣ ያኛውም በመጽሐፉ ተሸሽጎ ከሰው ራቀ እያለ ሲያማው ማየቴ ነው።

በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈው፣ ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ መቅደስ የወጡት በተሰዓት፣ ማለት በ9 ሰዓት፣ ለጸሎት ነበር፤ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ሽባ የነበረውን ሰው ያገኙትም መልካም በተባለችው ደጅ ሊገቡ ሲሉ ነው። ሰዓቱ ያልፍብናል ብለው አልተሻገሩትም፤ እርሱን ካነሣን ይበቃናል ብለውም ጸሎቱን አልተዉትም፤ የተነሣው ሰው ራሱ እየዘለለ አብሮአቸው ገባ እንጂ። የጸሎቱን ሰዓት ባይጠብቁ ኖሮ በዚያ ጊዜ በዚያ ደጅ ባልተገኙም ነበር። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ባስልዮስም፣ ለመነኮሳት የጸሎትን ሥርዓት በደነገገበት በ4ኛው መቶ ዓመት፣ በቂሣርያ ዘቀጰዶቅያ ለድውያንና ለነዳያን ማደሪያ አሠርቶአል።

እኔ ግን በአንድ የዐቢይ ጾም ማለዳ ዳዊት እየደገምሁ ሳለሁ ስልክ ቢጮኽ፣ መዝሙሩን እስክፈጽም ብዬ ዝም አልሁ። የደወለው ከመጣ ሦስት ቀን ያልሞላው፣ የሚያድርበት የጠፋው ወጣት ኖሮአል፤ መልሼ ብደውል አላገኘሁትም። ዛሬም ያን መዝሙር በደገምሁ ቁጥር ያ ጥሪ ይሰማኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነውና፣ የዕለቱን ድርሻ ወደ ሥራ በሚወስዳችሁ ባቡርም ቢሆን አድርሱ። በየወሩ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለእመቤታችን በምትሰበሰቡበት ማኅበር ደግሞ፣ ጽዋው ከመቀመሱ በፊት ማን እንደ ታመመ፣ ማን ሥራ እንደ ፈታ፣ ማን አዲስ እንደ መጣ ይጠየቅ፤ የሚጸለይለትም የሚጎበኘውም ሰው ስሙ በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ የሚቀጥለው ወር ተረኛም መዝገቡን ከጽዋው ጋር ይረከብ።