የሕክምና ቪዛ የሚጀመረው ከቤት ነው

«ውጭ አገር ሄዶ ቢታከም ይሻላል» የሚለው ቃል ከሐኪም አፍ በወጣበት ዕለት የቤቱ ስልክ አያርፍም። አንዱ ዘመድ ባንኮክ የታከመ ሰው ያውቃል፤ ሌላው ዴልሂ ደርሶ ድኖ የተመለሰ ጎረቤት ያስታውሳል፤ ሦስተኛው «ቪዛውን በሳምንት የሚጨርስ ልጅ አለ» ይላል። ሁሉም የሚናገረው ለበጎ ነው። ብዙ ፋይል የሚበላሸው ግን በዚሁ ጥድፊያ ነው። በዚህ ወር ብዙ ታካሚዎቻችን የሚሄዱባትን ህንድን ምሳሌ አድርገን፣ ወደ ኤምባሲ ከመሄድዎ በፊት ቤት ውስጥ መጨረስ ያለባቸውን ጉዳዮች እንመለከታለን።

ከሁሉ በፊት ሐኪምዎን «ይህ ሕክምና እዚህ አይሰጥም?» ብለው ይጠይቁ። ለምሳሌ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። አገልግሎቱ አለ ማለት ለእርስዎ ታካሚ ይሆናል ማለት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ቤትና መኪና ከመሸጡ በፊት መልሱን ማወቅ ይገባል።

ታካሚው ያውቃል?

በአገራችን ከባድ በሽታ ሲገኝ ቤተሰቡ ተመካክሮ ከታማሚው መደበቅ የተለመደ ነው። «አባባ ከሰማ ይደነግጣል» ይባላል። የሕክምና ቪዛ ግን ይህን ምስጢር አይጠብቅም። የበሽታው ስም በሐኪሙ ማስረጃ ላይ አለ፤ ከውጭ በሚመጣው የሆስፒታል የግብዣ ደብዳቤ ላይም ይጻፋል። ቅጹ ላይ የሚፈርሙት አባትዎ ናቸው። ቪዛ ክፍል ከተጠሩም «ለምን ሕክምና ነው የሚሄዱት?» ተብለው የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። አንድ ሰው የካንሰር ሕመሙን ከመስታወት ወዲያ ከተቀመጠ እንግዳ ሰው እንዲሰማ ማድረግ ከደግነት አይቆጠርም። ደግሞም የእሳቸው መልስና የሰነዱ ቃል ካልተጣጣመ ማመልከቻው ላይ ጥርጣሬ ይወድቃል።

ስለዚህ ፋይሉ ከመከፈቱ በፊት የሚያከብሩት ሰው፣ ቢቻል ሐኪሙ ባለበት፣ በቀስታ ይንገራቸው። ምናልባት «አልሄድም፣ እዚሁ ልጆቼ መሀል ልሁን» ይሉ ይሆናል። ይህም ሊሰማ የሚገባው ቃል ነው።

ስምና ቀን

የእኛ የስም ሥርዓት ለውጭ አገር መዝገብ አይመችም። ሚስት በባሏ ስም አትጠራም፤ እናትና ልጅም የጋራ የአባት ስም የላቸውም። እኛ ዘንድ ግልጽ የሆነው ዝምድና ለውጭ አገር ባለሥልጣን ከስም አይታይም። ስለዚህ የልደትና የጋብቻ የምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ አውጥተው፣ አስተርጉመውና አረጋግጠው ቀድመው ያዘጋጁ።

የአጻጻፉም ነገር እንዲሁ ነው። «ወልደማርያም» በፓስፖርቱ አንድ ቃል፣ በሆስፒታሉ ወረቀት ሁለት ቃል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የልደት ቀን በካርድ ክፍል በእኛ አቆጣጠር፣ በፓስፖርት ደግሞ በፈረንጆቹ ከተጻፈ በሁለቱ መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይታያል። ስለዚህ ሐኪሙ የሕክምና ማስረጃውን ሲጽፍ ፓስፖርቱን ፊቱ ያስቀምጡለት። ስሙ ፊደል በፊደል፣ ቀኑም በፓስፖርቱ መሠረት ይጻፍ።

ማን ይሂድ?

ህንድ ለአንድ ታካሚ ቢበዛ ለሁለት የቅርብ ዘመዶች የአስታማሚ ቪዛ ትሰጣለች። ቤት ውስጥ ቅሬታ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። ታላቅ ልጅ «የኔ ተራ ነው» ይላል፤ እናት «ያለ እኔ ማን ያበላዋል?» ትላለች። ምርጫው በፍቅር መጠን አይመዘን። አስታማሚው ሌሊት የሚነቃ፣ ከሐኪም ጋር በእንግሊዝኛ የሚግባባ፣ የስምምነት ወረቀት አንብቦ የሚፈርም፣ ለሳምንታት ከሥራ ሊቀር የሚችል ሰው ይሁን። እዚህ የሚቀረው ሰው ገንዘብ የሚልክ፣ ልጆቹን የሚጠብቅ፣ ለዘመድ ስልክ የሚመልስ በመሆኑ ድርሻው አያንስም።

ጉዞው ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። ለዚህ ሕክምና በቱሪስት ቪዛ መሄድ አይቻልም። የህንድ ሕግ የአካል ክፍል መሸጥና መግዛትን ይከለክላል፤ ለጋሹ የቅርብ ዘመድ መሆኑም በሰነድ መረጋገጥ አለበት። ለውጭ አገር ታካሚ የዝምድናው ማረጋገጫ በአገሩ ኤምባሲ በኩል ያልፋል። እህት ለወንድሟ ኩላሊት ስትሰጥ እሷም ቀዶ ሕክምና የሚደረግላት ሰው ናት፤ እንደ አስታማሚ አትቁጠሯት። ለእሷ የሚሆነውን የቪዛ ዓይነት ሆስፒታሉን ይጠይቁ፤ ሁለቱም አልጋ ላይ ሲሆኑ የሚንከባከባቸው ሌላ ሰውም ያስቡ።

ቅደም ተከተሉ

1. መጀመሪያ የታካሚውን፣ የለጋሹንና የአስታማሚዎቹን ፓስፖርት ይመልከቱ። ቢያንስ የስድስት ወር ጊዜና ባዶ ገጾች ይኑሩት። የግብዣ ደብዳቤው የሚጻፈው በፓስፖርት ቁጥር ስለሆነ፣ ኋላ ፓስፖርት ቢታደስ ደብዳቤውም መለወጡ ነው።

2. የቅርብ ጊዜ የሕክምና ማስረጃ፣ የላቦራቶሪና የፓቶሎጂ ውጤት፣ የሲቲና የኤምአርአይ ምስል በሲዲ አሰባስበው ለሁለት ወይም ለሦስት ሆስፒታሎች ይላኩ። የሕክምና ዕቅድና የዋጋ ግምት በጽሑፍ ይጠይቁ።

3. ከመረጡት ሆስፒታል የውጭ ታካሚዎች ክፍል በቀጥታ የግብዣ ደብዳቤ ያግኙ። በደላላ እጅ የመጣ ደብዳቤ ካለ በሆስፒታሉ በራሱ አድራሻ ጠይቀው እውነተኛነቱን ያረጋግጡ። ሐሰተኛ ሰነድ ገብቶ ቢገኝ የሚከለከለው ደላላው ሳይሆን ታካሚው ነው።

4. ባንክዎ ለውጭ ምንዛሪ የሚጠይቀውን ማስረጃ ከቪዛው ሰነድ ጋር ጎን ለጎን ያዘጋጁ። ቪዛ ወጥቶ ገንዘብ ሲጠበቅ ቀኑ ያልቃል።

5. የቢጫ ወባ ክትባት አይርሱ። ከኢትዮጵያ ወደ ህንድ ለሚገባ መንገደኛ የምስክር ወረቀቱ ግዴታ ነው። ወረቀቱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ያለ እሱ የደረሰ ሰው እስከ 6 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ሊደረግ ይችላል። ሕመሙ ወይም መድኃኒቱ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም ከሆነ ክትባቱ ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

6. ቲኬት በመጨረሻ ይቁረጡ። ታካሚው ኦክስጅን ወይም ቃሬዛ የሚያስፈልገው ከሆነ አየር መንገዱ ሐኪም የሚሞላው የራሱ ቅጽ ስላለው ቀደም ብለው ያሳውቁ።

ከደረሱ በኋላ

ቪዛው ላይ የመመዝገብ ማሳሰቢያ ካለ በደረሱ በ14 ቀን ውስጥ የውጭ ዜጎች ምዝገባ ቢሮ ይመዝገቡ። ሕክምናው ከታሰበው በላይ ከረዘመ የቪዛው ቀን ከማለፉ በፊት ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ይዘው ማራዘሚያ ይጠይቁ። የአስታማሚው ቪዛ ከታካሚው ጋር የተያያዘ በመሆኑ የሁለቱንም ቀን ይከታተሉ።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው በኃላፊነት ይያዘው። የሁሉም ሰነድ ቅጂ በአንድ ፋይል፣ ሌላ ቅጂ እዚህ በሚቀረው ሰው እጅ ይሁን። ሁሉም የየራሱን ሰው ሲደውልና ሲያስደውል ከሚባክነው ቀን ይልቅ፣ አንድ ምሽት ተሰብስቦ ታካሚው ባለበት ማን ምን እንደሚሠራ መመደብ ብዙ ሳምንት ያተርፋል።

ለታመሙብዎ ምሕረቱን ያውርድላችሁ።