የዓለም ዋንጫ ያለ ዓለም

አንድ ውድድር «የዓለም» የሚል ስም ከያዘ በኋላ በሩን የመዝጋት መብት አለውን? ሊትል ሊግ የሚባለውን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጆች በአሜሪካ ዊልያምስፖርት ከተማ በየዓመቱ የሚጋጠሙበትን የቤዝቦል ሻምፒዮና ታሪክ ላነበበ ሰው ይህ ጥያቄ አይቀርለትም። ቤዝቦል በእኛ ዘንድ እምብዛም የማይታወቅ ጨዋታ ቢሆንም ክርክሩን ለመከተል ሕጉን ማወቅ አያስፈልግም። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ውድድሩ በ1947 ሲጀመር የአሜሪካ ልጆች ብቻ ነበሩበት። በ1957 ከሜክሲኮ ሞንቴሬይ የተነሡ የድኃ ልጆች ድንበሩን በእግራቸው ተሻግረው ዋንጫውን ወሰዱ። በፍጻሜው ጨዋታ ኳስ ወርዋሪያቸው አንሄል ማሲያስ ከተጋጣሚዎቹ አንዱን እንኳ የመጀመሪያዋን ቤዝ አላስረገጠም፤ ውጤቱም 4 ለ 0 ሆነ። ለእንግዳ ማጨብጨብ ቀላል ነው፣ ማሸነፉን ልማድ እስካላደረገው ድረስ።

ታይዋን ልማድ አደረገችው። በ1969 አሸነፈች፤ ከ1971 እስከ 1974 ደግሞ አራት ዓመት በተከታታይ። በ1973 በሦስት ጨዋታ 57 ነጥብ ስታስቆጥር አንድም አልተቆጠረባትም። እንግዲህ ምን ተደረገ? የውድድሩ ባለቤቶች በ1974 መጨረሻ፣ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ቡድኖች በሙሉ በሚቀጥለው ዓመት እንዳይገቡ ወሰኑ። በ1975 አሜሪካውያን ከአሜሪካውያን ጋር ተጫውተው «የዓለም ሻምፒዮን» የኒው ጀርዚው ሌክዉድ ተባለ!

«ታይዋኖች ልጆቻቸውን ከሰፊ አገር እየመረጡ እንደ ወታደር ያሠለጥኑ ነበር» የሚሉ አሉ። ይሁን፤ ሕግ ያፈረሰ ቡድን በስሙ ተጠርቶ ይቀጣ። በ1992 የፊሊፒንሱ የዛምቦአንጋ ቡድን የማይገባቸውን ልጆች አሰልፎ ዋንጫውን ተነጠቀ፤ ተገቢ ነው። በ2001 የኒው ዮርኩ የብሮንክስ ቡድን የ14 ዓመት ልጅ አሰልፎ ሲገኝ ውጤቱ ተሰረዘበት። አሜሪካ በሙሉ ትውጣ ያለ ግን አልተሰማም።

እገዳው በ1976 ተነሣ። ግን በዚያው ዓመት ሌላ ዘዴ መጣ፤ የአሜሪካ ቡድኖች በአንድ ወገን፣ የቀረው ዓለም በሌላ ወገን ተጋጥመው የየወገኑ አሸናፊዎች ለፍጻሜ እንዲገናኙ ተደረገ። ስለዚህ የአሜሪካ ቡድን ከፍጻሜ አይጠፋም። ከ2022 ወዲህ ካሉት 20 ቦታዎች 10ሩ የአሜሪካ ናቸው። አፍሪካ ከአውሮፓ ጋር ተዳብላ የምትሻማው አንዲት ቦታ ነው።

ኡጋንዳ በ2011 የውድድሩን ቦታ አገኘች፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ነበረች። ነገር ግን በልጆቹ የልደት ሰነድ ላይ ልዩነት ታየ ተብሎ የአሜሪካ መንግሥት ቪዛ ከለከላቸው። ዕድሜ ይጣራ፣ አልቃወምም። ይሁን እንጂ ከእኛስ መካከል የተወለደበትን ቀን ከወረቀት ሳይሆን ከእናቱ አፍ የሰማ ስንቱ ነው? በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ገና በ2016 ነው። ወረቀት የሌለው ሁሉ አታላይ አይደለም።

የቀረውን ጨዋታ የካናዳ ልጆች አልረሱትም። በጥር 2012 ከላንግሊ ተነሥተው ካምፓላ ድረስ መጡ፤ ኡጋንዳ 2 ለ 1 አሸነፈች። በዚያው ዓመት ነሐሴ የኡጋንዳ ልጆች ዊልያምስፖርት ገቡ፤ በ2015 ደግሞ የቤዝቦል አገር የሆነችውን ዶሚኒካን ሪፑብሊክን 4 ለ 1 ረቱ። ታዲያ አፍሪካ የራሷ ቦታ እንዲኖራት፣ ዕጣውም ለሁሉም በአንድነት እንዲወጣ የሚያግደው ምንድን ነው? ባለቤቶቹ ይህን እምቢ ካሉ «የዓለም» የሚለውን ቃል ከስሙ ያውጡት።