ጥገኛው ማን ነው?

በመተማ ገበያ «እርዳታ የለመደ ሰው ሥራ ይጠላል» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። እኔም እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ይህን አምን ነበር።

በዚያ ወር ከአባቴ ጋር ወደ እርሻችን ወረድሁ። የደረሰ ሰሊጥ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋልና፥ ሠራተኞቹ ገና ጎሕ ሳይቀድ ማጭዳቸውን ያነሡ ነበር። ከእነርሱም አንዱ፥ ከእብናት የመጣ ጎልማሳ፥ ቤተ ሰቡ በሴፍቲ ኔት እንደሚረዳ አጫወተኝ። ይህ እርዳታ በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ አንሥቶ ደንቡ እንዲህ ነው፦ ጉልበት ያለው ሰው እርከንና መንገድ ሠርቶ ይቀበላል፤ ያለ ሥራ የሚሰጠው ለአረጋውያን፥ ለሕሙማንና ለመሳሰሉት ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በአገሩ ድንጋይ ሲክብ ከርሞ በእኛ ቆላ ሰሊጥ ያጭዳል።

እኔስ? ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ በዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጬ ዋልሁ፤ ለእርሱ የሚጠጣ ውሃ እንኳ አልቀዳሁለትም። ልብሴም ደብተሬም ከአባቴ ኪስ ነው።

እርግጥ፥ እርዳታን ተማምኖ የሚሰንፍ አይጠፋም። ነገር ግን ድኻውን ሰነፍ ከማለታችን በፊት የየራሳችንን መዳፍ እንመልከት። ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በሚመጣው አጨዳ እኔ ማጭድ ይዤ እወርዳለሁ፤ እናንተስ?