«እምቢ»ን ማን ተረጎመልን?

ለጊፋታ ገሱባ ሄጄ፣ ሥጋውን በዳጣ እያጣጣምኩ ሰንብቼ፣ ሁለት ኪሎ ጨምሬ ተመልሻለሁ። ጊፋታ በመስከረም የሚከበር የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ያለውም፣ ሐዋሳ ያለውም የወላይታ ልጅ ወደ እናቱ ቤት ይጎርፋል። እኔም ጎርፌያለሁ።

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፊልም ነው። «አንተ ደግሞ መቼ የፊልም ሐያሲ ሆንክ?» የምትሉኝ አትጠፉም። ኧረ አልሆንኩም! የተማርኩት እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ስለ ካሜራና ስለ መብራት የማውቀው የለም። ግን ፊልም አይቶ የተሰማውን ለመናገር ዲግሪ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። በአክስቴ ቤት በሦስት ምሽት ሦስት ፊልም አይተናል። መብራት ሲሄድ እየጠበቅን፣ ሲመጣ እየቀጠልን ማለቴ ነው። ያየሁትን ላጫውታችሁ፤ ካልተስማማችሁ ተከራከሩኝ።

የመጀመሪያው ምሽት የወንዶቹ ምርጫ ነበር። የአክስቴ ትልቁ ልጅ በፍላሽ የሞላ የህንድ ፊልም ይዞ መጣና «ዳር»ን ከፈተልን። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ ያሽ ቾፕራ የሠራው ፊልም ነው። ሻህሩክ ካንን ኮከብ ካደረጉት ፊልሞች አንዱም እሱ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ራሁል የሚባል ልጅ ኪራን የምትባል የኮሌጅ ጓደኛውን ይወዳል። ልጅቷ አታውቅም፤ እሷ የባህር ኃይል መኮንን የሆነ እጮኛ አላት። ራሁል በስልክ ይነዘንዛታል፣ በሄደችበት ይከተላታል፣ ስሟን በስለት ደረቱ ላይ ይጽፋል። አግብታ ለጫጉላ ስዊዘርላንድ ብትሄድ እዚያም ድረስ ይከተላታል! በመጨረሻ ባልየው ይገድለዋል።

ልብ አድርጉልኝ፣ በታሪኩ ውስጥ ክፉው ሰው ራሁል ነው። ጀግናው ሰኒ ዲኦል የሆነው ባልየው ነው። ተመልካቹ ግን እዚያው ህንድ አገርም ልቡን የሰጠው ለክፉው ነበር። እኛም ሳሎን ውስጥ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ራሁል በተንተባተበ ቁጥር እንስቃለን፣ ሲያለቅስ «አይ ፍቅር!» እንላለን፣ ሲሞት እናዝናለን። ባልየውማ ማን ዞር ብሎ ያየዋል!

እኔ ፊልሙን ስጀምር አዲስ መስሎኝ ነበር። ግማሽ ላይ ስንደርስ ግን ትዝ አለኝ። በልጅነቴ እዚያው ገሱባ ቪዲዮ ቤት አይቼዋለሁ። ቪዲዮ ቤቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ… ቆርቆሮ ቤት ነው፣ መስኮቱ በጆንያ ተሸፍኗል፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበር አለው፣ በአንድ ብር ትገባላችሁ። እኛ ቪዲዮ ቤት ደግሞ አንድ «ተርጓሚ» ነበረን። ከእኛ በዕድሜ ከፍ ያለ ልጅ ነው። ሂንዲ እችላለሁ ይላል፤ ይችል አይችል ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ከፊት ተቀምጦ ግማሹን በወላይትኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ይተረጉምልናል። ክፍያው በነፃ መግባት ነው።

ይኸው ተርጓሚያችን ታዲያ አንድ ልማድ ነበረው። ልጅቷ በፊልሙ ተቆጥታ ስትናገር፣ ጀርባዋን ሰጥታ ስትሄድ፣ ስልኩን ስትዘጋ፣ ዘወር ይልና «እሺ ልትል ነው፤ ትንሽ ቆዩ!» ይለናል። እኛ እናጨበጭባለን። በአብዛኛው ደግሞ አልተሳሳተም። ስንቱ የህንድ ፊልም፣ ስንቱ የእኛው የፍቅር ኮሜዲ በዚህ መንገድ አይደል የሚያልቀው? ልጁ ይጠይቃል፣ ልጅቷ ትሰድበዋለች፤ እንደገና ይጠይቃል፣ ውኃ ትደፋበታለች፤ ደጇ ላይ ያድራል፣ በመጨረሻ ዘፈን ይመጣና ይተቃቀፋሉ። የሰፈር ጀንጃኞች «ችክ ያለ ይጠብሳል» የሚሉት ከዚሁ ትምህርት ቤት ተመርቀው ነው።

ከተመራቂዎቹ አንዱ እኔ ነኝ።

አትሳቁብኝና ልናዘዝ። አስረኛ ክፍል እያለሁ አንዲት ልጅ ወደድኩ። የትምህርት ቤታችን ልጅ ናት፤ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ታልፋለች። ደብዳቤ ላክሁ፣ መለሰችልኝ። በጓደኛዋ አስጠየቅሁ፣ «ተወኝ በለው» አለች። ራሴ ሄጄ ጠየቅኋት፣ «አልፈልግም» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ማለት ነው። እኔ ግን የማን ተማሪ ነኝ? «እሺ ልትል ነው፤ ትንሽ ቆዩ!» ስለዚህ ቆምኩ። ጠዋትም ማታም፣ ሁለትና ሦስት ጓደኞቼን አስከትዬ፣ ያ ማዕዘን ላይ ቆምኩ። ክፉ ቃል አልተናገርኳትም፣ እጄን አላነሳሁባትም። እንደውም እንደ ጨዋ አፍቃሪ ነበር ራሴን የማየው። አንድ ቀን በመንገዱ መምጣት ተወች። እኔም የፍቅር ፈተና ነው ብዬ ጥቂት አዝኜ ረሳሁት። ታሪኩን እዚህ ላይ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ፊልሙ እንዳለቀ የአክስቴ ልጅ፣ ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል የምትገባው፣ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና «ዳር ማለት በሂንዲ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«እኛማ ነገሩ ዳር ሊደርስ ነው ብለን ነበር» ብዬ ቀለድኩ።

«ፍርሃት ማለት ነው» አለች። አልሳቀችም።

በሁለተኛው ምሽት ምርጫው የእሷ ሆነ። «ድፍረት»ን አመጣች። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው፣ አንጀሊና ጆሊ በዋና ፕሮዲዩሰርነት ስሟን ያዋሰችው ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው ሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል። መነሻው በ1980ዎቹ መጨረሻ በአገራችን የሆነ እውነተኛ ታሪክ ነው። የአስራ አራት ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይጠልፏታል። ትደፈራለች። ለማምለጥ ስትሞክር በጠላፊው ጠብመንጃ ጠላፊውን ትገድለዋለች። ሜሮን ጌትነት የተጫወተቻት ጠበቃ፣ መዓዛ አሸናፊ፣ ለልጅቷ ትቆማለች። እውነተኛዋ ወይዘሮ መዓዛ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ስለ ፊልሙ የኔ አስተያየት? ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚፈርዱበት ቦታ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ማንም ጭራቅ አይመስልም፤ የምናውቃቸው አባቶች ናቸው። የሚያስፈራውም እሱ ነው። የቢሮውና የፍርድ ቤቱ ክፍል ትንሽ ረዘም ብሎብኛል። ልጅቷን የተጫወተችው ትዕግሥት የሚሉት ነገር አላት፤ ዝም ስትል ነው ይበልጥ የምትናገረው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ይህ ፊልም በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ ሊመረቅ እንግዳ ተቀምጦ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ተቋርጦ ነበር። የተከሰሰው የባለታሪኳን ሕይወት ሳያማክራት ተጠቅሟል በሚል ነው። እግዱ በኋላ ተነሳ። እኔ የማንም ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን ስለ ፈቃድ የተሠራ ፊልም ራሱ «ፈቃዷን ጠይቃችኋል ወይ?» መባሉ አስገርሞኛል።

ሳሎኑ ውስጥ ታዲያ ማንም አላጨበጨበም። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። የአክስቴ ልጅ ዞር አለችና «ትናንት ስታጨበጭቡ ነበር፤ ዛሬ ምን ሆናችሁ?» አለች።

ታላቅ ወንድሟ ተቆጣ። «ምን አገናኘው? ያኛው ፍቅር ነው፣ ይሄ ወንጀል ነው!»

«ሁለቱንም እኮ አልፈልግም ብለዋቸዋል» አለች።

አክስቴ እስከዚያ ድረስ አንዲት ቃል አልወጣትም ነበር። ሲኒዎቹን ሰበሰበችና ስትነሳ «እኛንስ ማን ጠየቀን?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ማብራሪያ አልጨመረችም። እኛም መጠየቅ ፈራን። ይህን ያህል ዓመት የበላሁበት ቤት እንዴት እንደቆመ ጠይቄ እንደማላውቅ ያን ምሽት ገባኝ።

ወዳጆቼ፣ መንገድ ላይ መቆምና በፈረስ መጥለፍ እኩል ነው አልልም። ሕጉም እኩል አያያቸውም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፤ ጠላፊው በኋላ ቢያገባትም ከክስ አያመልጥም። የቀድሞው የ1949 ሕግ ግን ካገባት ነፃ የሚወጣበት ቀዳዳ ነበረው። ሕጉ ያንን ቀዳዳ ደፍኗል። የእኛ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ግን ሕግ አይደፍነውም። አልፈልግም ያለችን ልጅ «አልገባትም፣ ትንሽ ብቆይ ይገባታል» ብሎ ማሰብ የሚጀምረው ከማዕዘን ላይ ነው። የት እንደሚያቆም ደግሞ ሰው ሰው ይለያያል።

ሦስተኛው ምሽት ትንሽ ተነፈስን። ያሬድ ዘለቀ የሠራውን «ላምብ» አየን፤ በ2007 ዓ.ም. በፈረንሳዩ የካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ ከበጉ ጋር ዘመድ ቤት ይቀመጣል። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ አጎትየው ደግሞ «ወንድ ልጅ ማዕድ ቤት ምን ያደርጋል?» ባይ ነው። በጉንም ለበዓል ሊያርድበት ይፈልጋል። ኤፍሬም ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ እየሸጠ የመሳፈሪያ ብር ያጠራቅማል። በዚያ ቤት ጽዮን የምትባል ጋዜጣ ማንበብ የምትወድ ልጃገረድም አለች፤ ባል ባል ቢሏት አትሰማም።

ዝግ ያለ ፊልም ነው፤ ድብድብ የለመደ ሰው እንቅልፍ ሊወስደው ይችላል። የአክስቴ ትንሹ ልጅ ተኝቷል! እኔ ግን ወድጄዋለሁ። አገሩ ያምራል፣ ልጁ ደግሞ ሲያበስል የምርም ያበስላል። ወንድ ልጅ ጀግና ለመሆን ማንንም ማሳደድ ሳያስፈልገው ሳየው የመጀመሪያዬ መሰለኝ። የአክስቴ ልጅም ጽዮንን እያየች «እንዲህ ያለችው ትመቸኛለች» አለች። በማግስቱ ደግሞ ትልቁ ወንድሟ፣ ያ የተቆጣው፣ ቡና ሊያፈላ ተነስቶ ቤቱን በጭስ ሞላው። ይህም አንድ ነገር ነው።

አሁን ወደ ያቆየሁት ታሪክ ልመለስ። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ሶዶ መናኸሪያ መኪና እየጠበቅሁ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ «አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ። ያቺ ልጅ ናት! ጊፋታን ቤተሰቦቿ ጋ አክብራ እየተመለሰች ነው። ተሳሳምን፣ የሰው ደኅንነት ተጠያየቅን፣ ሳቅን። እኔም ቀልድ መስሎኝ «ያኔ እኮ ጨክነሽብኛል» አልኳት።

ሳቋን አቆመች። «ጭካኔ? በእናንተ ምክንያት በወንዙ በኩል ነበር የምዞረው። ክረምት ላይ ጭቃው ውስጥ ወድቄ ደብተሬ ሁሉ ተበላሸ። ለአባቴ እንዳልነግር ትምህርት ያስቀረኛል። ፈርቼ ነበር እኮ» አለች።

ፈርቼ ነበር። ዳር።

ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ? «ይቅርታ» ብቻ። ሌላ ቃል አልነበረኝም። እሷም «አለፈ፣ ልጅነት ነው» ብላ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ከሶዶ አዲስ አበባ መንገዱ ረጅም ነው፤ የማስበው አላጣሁም።

እንግዲህ ይህ አምድ ምክር ካላከለበት አይሆንምና፣ ለመሰሎቼ ወንድሞች ትንሽ ልበል። የወደድካትን ልጅ ጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። በግልጽ፣ ብቻህን፣ ጓደኞችህን ሳታስከትል ጠይቃት። «አልፈልግም» ካለችህ መልሱን አግኝተሃል። በሌላ መንገድ ሂድ፤ መንገድ መቀየር ያለብህ አንተ እንጂ እሷ አይደለችም። ዝም ካለችህም፣ በይሉኝታ ፈገግ ካለችህም «እሺ» ብላኛለች አትበል። ልብህ ይሰበራል፤ አዎ፣ ይሰበራል፤ የእኔም ተሰብሮ ነበር፣ ይኸው ድኖ ሥጋ በዳጣ ይበላል።

ለአንቺ እህቴ ደግሞ፣ መንገድ የቀየርሽው ፈሪ ስለሆንሽ አይደለም። ግን ብቻሽን አትያዢው፤ ለምታምኚው ሰው ንገሪው።

ለፊልም ሠሪዎቻችንም አንዲት ልመና አለችኝ። እስቲ አንድ ጊዜ፣ ልጅቷ «አልፈልግም» ስትል ልጁ «እሺ፣ ገባኝ» ብሎ የሚሄድበት ፊልም ሥሩልን። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ማየት እፈልጋለሁ። ትኬቱን ቀድሜ የምገዛው እኔ ነኝ። ያ የድሮ ተርጓሚያችንንም ፈልጌ አስከትለዋለሁ፤ የመግቢያውን በእኔ!

ለሳምንት በሰላም ያገናኘን። ቸር እንሰንብት!